ደሴ ላይ ውሃ ስንት ላይ ይፈላል

ባለቤቴ ደሴ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነበርን። ይህን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል። ለእነሱ ሁለቱ ከተሞች ሰው ጠዋት ወርዶ ማታ የሚመለስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ያኔ በደርግ ጊዜ ግን የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ነዳጅ በራሽን፣ አውቶቡስ በወረፋ፣ መንገደኛም በይለፍ ወረቀት ነበር። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። እሷ ቀን ልጆች ታስተምራለች፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ የቀበሌውን እናቶች ፊደል ታስቆጥራለች። ስለዚህ ትዳራችን የቅዳሜ ከሰዓትና የእሁድ ትዳር ነበር። እሁድም ቢሆን ሙሉው የእኛ አይደለም፤ ጠዋቱን የቀበሌ ስብሰባ ይወስደዋል።

በፋብሪካው የመለኪያ መሣሪያዎች ክፍል ረዳት ነበርኩ። የእንፋሎቱን ግፊት፣ የቀለም ገንዳውን ሙቀት፣ የውሃውን ከፍታ የሚናገሩትን ጌጆች እንጠብቃለን፤ እናጸዳቸዋለን፣ እንፈትሻቸዋለን፣ ሲዋሹም እናርማቸዋለን። አማቴ ክብ ሆኖ መርፌ ያለው ነገር ሁሉ ሰዓት ስለሚመስላቸው ለጎረቤት «ሰዓት ሠሪው የልጄ ባል» እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። እውነት የመሰለው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት የቆመ የእጅ ሰዓቱን አምጥቶልኝ ከፍቼ አቧራውን እፍ ብልበት ሰዓቱ መሥራት ጀመረና ስሜ በሰፈሩ ጸና። ከዚያ በኋላ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም ብል የሚያምነኝ ጠፋ።

ከፋብሪካው በስተጀርባ ለባለሙያዎች የተሠሩ ቤቶች ነበሩ፤ ሁለት ክፍል ያላቸው፣ ውሃ የገባላቸው፣ ለኮምቦልቻ ሙቀት እንዲስማሙ ከፊታቸው በረንዳ የወጣላቸው። ቤት የሚያገኘው ግን የሙያ ደረጃ ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት የያዘ ሠራተኛ ብቻ ነው። ረዳቶች በአንድ ረጅም ክፍል ውስጥ አልጋ ለአልጋ ተገጥመን እናድራለን። ፈተናውን ካለፍኩ ቤት አገኛለሁ፤ ቤት ካገኘሁ እሷ ወደ ኮምቦልቻ ትዛወራለች፤ ኮምቦልቻ ሁልጊዜ አስተማሪ ይጎድላት ነበርና። ለእኔ ፈተናው ይኸው ነበር። ደረጃው፣ ማዕረጉ፣ «ባለሙያ» መባሉ ትዝም አይለኝ።

ከፈረቃ ስወጣ መንገዴ ባይሆንም በእነዚያ ቤቶች በኩል ዞሬ አልፍ ነበር። ዳር ላይ ያለው አንዱ ባዶ ነበር። በመስኮቱ አሾልኬ አይቼ አልጋው ይህን ግድግዳ ተጠግቶ ቢቀመጥ፣ የእሷ የደብተር ማረሚያ ጠረጴዛ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ቢሆን እያልኩ ዕቃ ሳይኖረኝ ዕቃ እደረድራለሁ። አጠገቤ ያለው አልጋ ባለቤት ይህን ስለደረሰበት፣ በመጣሁ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይለኛል። እኔም ዝም በል እለዋለሁ። እሱ ላጤ ነው፤ ምን ያውቃል?

የማጠናው እሁድ ከሰዓት ነበር፤ ከእሷ ጋር። የክፍላችን አለቃ፣ ፎርማናችን፣ ያዋሱኝ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ነው። እኔ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብማርም እንግሊዝኛ ሲረዝም ይጠፋኛል፤ እሷ ደግሞ ቋንቋውን ታውቃለች፣ ዕቃውን አታውቅም። ስለዚህ እሷ ታነባለች፣ ምን ማለቱ እንደሆነ እኔ በእጄ አሳያታለሁ፣ ከዚያ እሷ በአማርኛ መልሳ ትጠይቀኛለች። «ጌጁ እንፋሎቱ ተዘግቶ ዜሮ ላይ ካልተመለሰ ምን ታደርጋለህ?» ስትለኝ ጥያቄው ለአራተኛ ክፍል ልጆች የቀረበ ነው የሚመስለው። ክረምቱ ሳይወጣ ሥራዬን ከእኔ እኩል አወቀችው። ካኮረፍኩም ፊቴን አየት አድርጋ «የአንተ መርፌ ዛሬ ዜሮ ላይ አልተመለሰችም» ትለኛለች፤ ማኩረፌ እዚያው ላይ ያበቃል።

ደሴ በክረምት ጉም ይጫናታል። ብርሃን ለማግኘት በሩን ገርበብ አድርገን፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን እናጠናለን። ያንን ጊዜ ሳስበው አንድ ነገር ይገርመኛል። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካው፣ ትናፍቀኝ ነበር። አሥር ሰዓት ሲቃረብ አውቶቡስ ተራ መሄድ እንዳለብኝ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ መናፈቅ እንጀምራለን። እሷ ንባቧን ታፈጥናለች፣ እኔም ያልገባኝን ገባኝ እላለሁ። እንዲያ እያልን የዘለልነው ገጽ ኋላ ዋጋ አስከፈለን።

የእጅ ፈተናው ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ነገር አለ ይባል ነበር፤ ቴርሞሜትርን በሚፈላ ውሃ መፈተሽ። መጽሐፉ ነገሩን በሁለት መስመር ይጨርሰዋል፦ ንጹህ ውሃ ሲፈላ መርፌዋ መቶ ላይ መቆም አለባት፤ ካልቆመች ከጀርባ ያለችውን ብሎን አዙሮ ማድረስ ነው። ይህንንማ ልለማመደው ብዬ ፎርማናችንን አስፈቀድኩና አንድ ክብ ቴርሞሜትር በጨርቅ ጠቅልዬ ደሴ ይዤ ወጣሁ። እሁድ ከስብሰባ መልስ አማቴ ድስት ሙሉ ውሃ ጣዱልኝ። ውሃው ተንፈቀፈቀ። ቴርሞሜትሩን ነከርኩት፤ መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች፣ ዘጠና ሁለት አካባቢ ስትደርስ ቆመች። ከሰል ጨመርን፤ አማቴ አራገቡ፤ ድስቱ ገንፍሎ እሳቱን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። መርፌዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ይኼ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉ አማቴ።

እኔም አመንኩ። ብሎኗን አዙሬ መርፌዋን መቶ ላይ አደረስኳትና አንድ ዕቃ ከሞት ያዳንኩ ያህል ደስ አለኝ። ሰኞ ፋብሪካ ስንገባ ግን ፎርማናችን ያንን ቴርሞሜትርና አንድ ሌላ ደህና ጎን ለጎን ቀለም ገንዳ ውስጥ አስገቧቸው። የእኔው በስምንት በልጦ ተገኘ።

ፎርማናችን ደጋን ከምትባለው ከተማ የመጡ ሰው ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። «ደህናውን አሳብደህ መለስክልኝ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ለምን እንደሆነ ራስህ ድረስበት ማለታቸው ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ከርሜ በእሁዱ ለባለቤቴ ነገርኳት። ድስቱን አማሁ፣ ከሰሉን አማሁ፣ መጨረሻ ላይ ውሃውን አማሁ። ደሴ ውስጥ ውሃውን ማማት የተለመደ ነው። የደሴ ውሃ ባቄላ አያበስልም ይባላል፤ ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ዘንድ የሄደ ሰው ሁሉ ንፍሮው እንዴት ቶሎ እንደሚደርስ አውርቶ አይጠግብም። እሷም ልክ ነህ ልትለኝ አፏን ከፍታ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ» አለች፣ «ለአያቴ ሰደቃ ስትመጣ በጄሪካን የኮምቦልቻ ውሃ ጭና መጥታ ነበር፤ ባቄላው ቶሎ እንዲበስል ብላ።»

«እሺ?»

«በሰዓቱ አልደረሰም። ሼሆቹ ዱዓ አድርገው ጨርሰው ንፍሮ ሲጠብቁ አክስቴ በሐፍረት ከማድ ቤት አልወጣ አለች። ውሃው የኮምቦልቻ ነው፤ የተጣደው ግን እዚህ ነው።»

ተያየን። እሷ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ከኋላ ገለጠችና ከዘለልናቸው ገጾች አንዱን አወጣች። ውሃ ከባሕር ወለል ሽቅብ በተወጣ ቁጥር በስንት እንደሚፈላ ይናገራል። ርዕሱን እኔም አይቼው ነበር። ተራራ ላይ ለሚሠሩ የሚል መስሎኝ እኔን አይመለከተኝም ብዬ አልፌዋለሁ። የደሴ ሰው ተራራ ላይ እኖራለሁ ብሎ ያስባል እንዴ? ተራራ ማለት ጦሳ ነው፤ ከላያችን ያለው። እኛ ሥሩ ነን። ተወልጄ እስካድግ አንገቴን ቀና አድርጌ ተራራ ያየሁ ሰው፣ ያለሁበት ከፍ ያለ አገር መሆኑ እንዴት ይታየኝ? በመጽሐፉ ስሌት ለደሴ ዘጠና ሁለት፣ ለኮምቦልቻ ዘጠና አራት ገደማ ነበር። መርፌዋ እውነቷን ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አማቴ ነገሩን ሲሰሙ አሰቡበት። «ታዲያ ጦሳ ላይ ቢጥዱት ጨርሶ አይፈላም?»

«ይፈላል እማ» አለቻቸው ልጃቸው። «እንዲያውም ቶሎ ይፈላል፤ ግን አያበስልም።»

«እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን አውቃለሁ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ዕለት ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙ ሳቅ ረስቻለሁ፣ ያንን ግን አልረሳሁትም። ፈተናውን እንደማልፍ ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ቤቱንም ያገኘሁት መሰለኝ።

ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ፎርማናችን ቦይለሩ አጠገብ ጠሩኝ። እዚያ የጠሩኝ ጩኸቱ ሰው እንዳይሰማን ስለሚያደርግ ነው።

«ልጄ፣ ሳትሰማው እንዳትገባ ብዬ ነው። ዘንድሮ የሚያልፈው እዚህ አይቀርም። ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል፤ አሰብ የመለኪያ ባለሙያ ይፈለጋል።»

«ያላለፈውስ?»

«ያላለፈው በረዳትነቱ እዚሁ ይቀጥላል።»

«ቤቱስ?» አልኳቸው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ግን ከአፌ የወጣው እሱ ነበር።

«ቤቱማ ላለፈ ነው» አሉኝና ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «አላህ ያውቃል። አብሽር።»

ያን ጊዜ ምደባ እምቢ አይባልም። ቅዳሜ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ሐረጎን ስወጣ፣ ጉሙ ፊቴን እያረጠበው፣ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳሰላስል ሄድኩ። ማለፍ ከእሷ ያርቀኛል፤ መውደቅ ከእሷ ጋር አያኖረኝም፣ ግን የቅዳሜና የእሁዷን ሚስቴን አያሳጣኝም። እውነቱን ልናገር፣ መኪናው ደሴ ሳይገባ ልቤ ለመውደቅ ቆርጦ ነበር።

እናቷ ጎረቤት ለቅሶ እስኪሄዱ ጠብቄ ነገርኳት። እጇን ከእጄ አላወጣችም።

«እንድትሄድ አልፈልግም» አለች። «ወላሂ አልፈልግም። ግን እንዳታልፍም አልፈልግም።»

«ብወድቅ ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። አንድ ቀን በሆነ ተራ ነገር ስንጣላ በአንቺ ምክንያት ቀረሁ ትለኛለህ።»

«አልልም።»

«አፍህ ባይል ዓይንህ ይላል። እኔ ደግሞ ዓይንህን ነው የማየው።» ከዚያ መጽሐፉን አነሣች። «ዝውውር እጠይቃለሁ። አሰብስ የሚማር ልጅ የለም እንዴ? እሺ፣ ጌጁ እንፋሎቱ ተዘግቶ ዜሮ ላይ ካልተመለሰ ምን ታደርጋለህ?»

እኔ መለስኩ። እሷ ሌላ ጠየቀች። ያን ቀን ሳታውቀው ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ እኔም እንደ አዲስ ደጋግሜ መልሼላታለሁ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ስትሸኘኝ ስለ ፈተናው አንድም ቃል አልተናገርንም።

ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ነበሩ። የጽሑፉን ፈተና እንደምንም ጨረስኩ። ለእጁ ፈተና ስገባ ጠረጴዛው ላይ የሚፈላ ውሃ፣ ቴርሞሜትርና ጠመንጃ መፍቻ ተቀምጧል። ፈታኙ «ፈትሽና ካስፈለገ አስተካክል» ብሎኝ ወረቀቱን ማየት ጀመረ። ነከርኩት። መርፌዋ ወጣች፣ ዘጠና አራት ላይ ቆመች። ልክ ናት፤ ለኮምቦልቻ ልክ ናት።

መፍቻውን አነሣሁ። ብሎኗ ላይ ገጠምኩት። ትንሽ ባዞረው መርፌዋ መቶ ላይ ትደርሳለች፤ ያ ሰውዬ ወረቀቱ ላይ ኤክስ ያደርግልኛል፤ እኔም ቅዳሜ ከሰዓት ሐረጎን ወጥቼ አንዲት ጋቢ ለሁለት እከናነባለሁ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በሕይወቴ ቀርቦልኝ አያውቅም። ፈታኙ ቀና ብሎ «ምነው፣ ጨረስክ?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። «አይነካም።» መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

ስለ ሐቀኝነቴ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እንዲያ አይደለም። ቅዳሜ ስንገናኝ መርፌዋ ስንት ላይ ቆመች ብላ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ዓይኗን እያየሁ መቶ ላይ አደረስኳት ማለት አልሆነልኝም።

ያ አጠገቤ የሚተኛው ላጤ ከእኔ ቀጥሎ ገብቶ ብሎኗን እስከ መቶ አዙሮ፣ ፈተናው እንዴት ቀላል ነው እያለ ወጣ። ወደቀ። በረዳትነቱ ኮምቦልቻ ቀረ፣ ብዙ ሳይቆይ እዚያው አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ በየማታው ወደ ቤቱ ሲገባ ኖረ። እስከ ዛሬ እቀናበታለሁ።

የምደባው ወረቀት ሲመጣ ባለቤቴ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ልትሸኘኝ ኮምቦልቻ ወረደች። የባቲው መንገድ መገንጠያ ጋ አውቶቡሱን ስንጠብቅ የያዘችልኝን ዳቦና በሶ ሦስት ጊዜ ቋጥራ ሦስት ጊዜ ፈታችው። አውቶቡሱ ሲመጣ «ግባ፣ ቦታ እንዳታጣ» አለችኝ። ከመስኮቱ ሆኜ ሳያት ፀሐይ ይሁን እንባ እንጃ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ ቆማ ነበር።

አሰብ ቤት ሰጡኝ። ሁለት ክፍል፣ የራሱ ውሃ፣ ጣሪያው ላይ ነፋስ ማራገቢያ ያለው። ከሥራ ስመለስ በሩን እከፍትና ከመግባቴ በፊት ትንሽ እቆማለሁ፤ የሚጠብቀኝ እንደሌለ እያወቅሁ። ሁለት ወንበር ገዛሁ። አንዱ ላይ አልተቀመጥኩበትም። እሷ በየዓመቱ ዝውውር ትጠይቃለች፤ ምትክ ሲገኝ ይባላል። ክረምት ልትመጣ ስትል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይመጣል። እኔ በእረፍቴ ስወጣ ከመንገድ የተረፉትን ጥቂት ቀናት ደሴ እቀመጥና እመለሳለሁ። በመጨረሻ ዝውውሯ ሲፈቀድ ጦርነቱ ቀርቦ መንገዱ ተዘጋ። ሙያዬን ጠልቼ አላውቅም። ግን ከባሕሩ ዳር የሚነፍሰው ትኩስ ንፋስ ፊቴን በመታው ቁጥር የደሴ ብርድ እንዴት ይናፍቀኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ብርዱ ማለቴ እሷን ነው።

ደርግ ሲወድቅ እንደ ብዙ ሰው ከአሰብ ለብሼ በወጣሁት ልብስ ደሴ ገባሁ። አማቴ ዐርፈው ነበር፤ ቤቱ ለእኛ ቀርቷል። አሁን ቅዳሜም እሁድም ሰኞም የእኛ ሆነ። ምን ይደረግ፣ አልለመድነውም። እሷ ስገባ ከመቀመጫዋ ትነሣለች። ለእንግዳ የሚወጣውን ብርጭቆ ታወጣልኛለች። «ብላልኝ እንጂ» ትለኛለች፣ ነገ የምሄድ ይመስል። እኔም እንግዳ እንደሚያመሰግነው አመሰግናታለሁ። ማታ ሳስበው ሆድ ይብሰኛል፤ ሚስቴ ቤት ገብቼ ሚስቴ ትናፍቀኛለች።

ብዙ ወራት እንዲህ ከኖርን በኋላ አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ጭቃ የያዘ ጫማዬን አዲስ በተወለወለው ወለል ላይ አውልቄ ተውኩት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም እንዴ? ይህን ጫማ ስንቴ ውጭ አስቀምጥ ልበልህ?» ብላ ጮኸችብኝ። አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም ነበር። እሷም ይህ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አጠገቧ ሄጄ ጫማውን በደስታ አነሣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ስትቆጣኝ፣ በየቀኑ ስንጨቃጨቅ፣ እንደ ሰው ኖርን፤ አልሐምዱሊላህ።

አላህ ጀነት ይስጣትና ካጣኋት ቆየሁ። ቤቱ አሁንም አለ። ጫማዬን የትም ባወልቅ የሚናገረኝ የለም።